የመሥራቹ አንደበትና የማዕድን ኩባንያው ዋጋ

የማዕድን ኩባንያ አክሲዮን የሚገዛ ሰው ሁለት ነገር አብሮ ይገዛል፤ መሬት ውስጥ ያለውን ድንጋይና ስለ ድንጋዩ የሚናገረውን ሰው። የሳሙና ፋብሪካ ምርቱ ሱቅ ላይ ይታያል፤ የባንክም ትርፍና ኪሳራ መዝገብ ላይ ይወጣል። በፍለጋ ላይ ያለ የማዕድን ኩባንያ ግን ለዓመታት አንድ ሳንቲም ገቢ ላያገኝ ይችላል። ያለው ሀብት የምርመራ ፈቃድ፣ በቁፋሮ የወጡ የድንጋይ ናሙናዎችና የጂኦሎጂ ባለሙያዎች ግምት ነው። ይህንን ወደ ገንዘብ የሚለውጠው ፊት ለፊት ቀርቦ የሚያሳምን ሰው ሲሆን፣ ያ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የኩባንያው መሥራች ነው።

ኩባንያው ያሰበውን ሁሉ በሚናገር አንድ መሥራች ላይ ሲንጠለጠል ባለአክሲዮኑ ይህን እንደ ሀብት ይቁጠረው ወይስ እንደ ስጋት? ጥያቄው በቶሮንቶ፣ በሲድኒና በለንደን የአክሲዮን ገበያዎች የቆየ ነው፤ አንድ ወጥ መልስ ግን አላገኘም። ቁጠባውን ያፈሰሰ ግለሰብ፣ የጡረታ ገንዘብ የሚያስተዳድር ፈንድ፣ ብድር የሚሰጥ ባንክና በሽርክና የሚገባ ትልቅ ኩባንያ መሥራቹን የሚያዩበት ዓይን ይለያያል። ማዕድኑ ያለበት ደረጃም መልሱን ይለውጠዋል። (እዚህ የሚጠቀሱት ወራትና ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

መሥራቹ ለምን ይከብዳል

ማዕድን ከተገኘበት ቀን አንሥቶ ምርት እስኪወጣ ድረስ ከ10 ዓመት በላይ መውሰዱ የተለመደ ነው። በነዚህ ዓመታት ኩባንያው ለቁፋሮ፣ ለአዋጭነት ጥናት፣ ለመንገድ፣ ለኃይል መስመርና ለማቀነባበሪያ በተደጋጋሚ ገንዘብ ይፈልጋል። አዲስ አክሲዮን በወጣ ቁጥር የነባሩ ባለአክሲዮን ድርሻ ይሳሳል። ስለዚህ ገንዘብን በተሻለ ዋጋ ማምጣት የሚችል ሰው መኖሩ ለነባሩ ባለድርሻ በቀጥታ የሚሰላ ጥቅም አለው። መሥራቹ በአንድ ንግግር የአክሲዮኑን ዋጋ ከፍ ካደረገ፣ ያንኑ ያህል ገንዘብ ለመሰብሰብ የሚሸጠው አክሲዮን ቁጥር ያንሳል።

ሁለተኛው ምክንያት መንግሥት ነው። ፈቃድ የሚሰጠው፣ ግብር የሚጥለውና አካባቢውን የሚያስተዳድረው መንግሥት ስለሆነ ከሚኒስትርና ከፕሬዚዳንት ጋር ተቀምጦ የሚነጋገር ሰው ያስፈልጋል። በዚህ ሥራ ላይ ዓመታት ያሳለፈ መሥራች የያዘው ትውውቅ በውል ለሌላ ሰው የሚተላለፍ አይደለም። ባለሀብቶች «የቁልፍ ሰው ስጋት» የሚሉት ከዚህ ይነሣል። ለሕዝብ የሚቀርብ የአክሲዮን ሽያጭ ሰነድ ሁሉ ማለት ይቻላል ኩባንያው በጥቂት ሰዎች ላይ መደገፉን የሚያስጠነቅቅ አንቀጽ አለው። አንቀጹ ከሰነድ ሰነድ ስለሚመሳሰል አንባቢው ያልፈዋል። በማዕድን ዘርፍ ግን ሊታለፍ የማይገባው ክፍል ይኸው ነው።

ፎርተስኪው

በአውስትራሊያ ምዕራብ፣ ፒልባራ በሚባለው ቀይ አፈር ላይ የብረት ማዕድን የሚያወጣው ፎርተስኪው ለዚህ ጥያቄ ሙሉ ምስል ይሰጣል። መሥራቹ አንድሪው ፎረስት ከዚያ በፊት አናኮንዳ ኒኬል የተባለ ኩባንያ አቋቁመው ነበር። የኩባንያው ሙሪን ሙሪን ፕሮጀክት ኒኬልን በከፍተኛ ግፊትና በአሲድ ለማውጣት ሞክሮ በቴክኒክ ችግር ተያዘ፤ ቦንድ የገዙ አሜሪካውያን አበዳሪዎች ብዙ ገንዘብ አጡ፤ ፎረስትም በ2001 ከኃላፊነት ወረዱ። በ2003 አንዲት ትንሽ ኩባንያ ይዘው ስሟን ፎርተስኪው ሲያሰኟት ብዙ ባለገንዘቦች ሰውዬውን ያስታወሱት በዚያ ኪሳራ ነበር።

ተቃራኒው ታሪክ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ትልልቆቹ የማዕድን ኩባንያዎች ሪዮ ቲንቶና ቢኤችፒ የፒልባራን ባቡርና ወደብ ለራሳቸው ይዘው ነበር። ፎርተስኪው የራሱን የባቡር ሐዲድና በፖርት ሄድላንድ የራሱን ወደብ ሠርቶ በግንቦት 2008 የመጀመሪያውን ማዕድን ወደ ቻይና ጫነ። ኩባንያው ከተሰየመ አምስት ዓመት ገደማ መሆኑ ነው። ዛሬ በዓመት ወደ 200 ሚሊዮን ቶን ይልካል። በ2021 የበጀት ዓመት የተጣራ ትርፉ 10.3 ቢሊዮን የአሜሪካ ዶላር ደረሰ፤ ለእያንዳንዱ አክሲዮንም 3.58 የአውስትራሊያ ዶላር የትርፍ ድርሻ ከፈለ። መጀመሪያ ላይ በሳንቲም ቤት ይሸጥ የነበረውን አክሲዮን ገዝቶ ያቆየ ሰው የመሥራቹን አፍ ቢከሰው አያምርበትም። ያለ ፎረስት ችኮላና ክርክር ይህ ሐዲድ አይዘረጋም ነበር የሚለው ወገን ጠንካራ ማስረጃ በእጁ አለ።

ሌላኛው ወገንም ማስረጃ አለው። በነሐሴ 2004 ፎርተስኪው ከቻይና የባቡር ግንባታ ድርጅት ጋር፣ ቀጥሎም ከሌሎች ሁለት የቻይና መንግሥት ኩባንያዎች ጋር፣ ሐዲዱን፣ ወደቡንና ማዕድን ማውጫውን ለመገንባት አስገዳጅ ውል መፈራረሙን ለገበያው አሳወቀ። አክሲዮኑ በጥቂት ወራት ውስጥ ዋጋው እጥፍ ድርብ ሆነ። በመጋቢት 2005 አንድ የአውስትራሊያ የንግድ ጋዜጣ ውሎቹ ግንባታውን የሚያስገድዱ አለመሆናቸውን ጻፈ፤ ዋጋው ወደቀ። ሰነዶቹ ጥቂት ገጾች የነበሩባቸው የማዕቀፍ ስምምነቶች ናቸው። በውስጣቸው ተዋዋዮቹ ዝርዝር ውል ወደፊት እንደሚፈርሙ ተገልጿል፤ የሥራው ዋጋና የጊዜ ሰሌዳ ግን ገና አልተቆረጠም። የገበያ ተቆጣጣሪው ኮሚሽን በ2006 ፎርተስኪውንና ፎረስትን ከሰሰ። በ2009 አንድ ዳኛ ክሱን ውድቅ አደረጉት፤ በየካቲት 2011 የይግባኝ ችሎት ገለበጠው፤ በጥቅምት 2012 ደግሞ የአገሪቱ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ለፎረስት ፈረደ። የፍርዱ ፍሬ ነገር መግለጫው ተዋዋዮቹ ተስማምተንበታል ያሉትን ነገር ለታሰበለት አድማጭ በትክክል ያስተላልፋል የሚል ነበር።

ከባለአክሲዮን አንጻር ፍርዱ የሕግ ጉዳዩን ዘጋው እንጂ የገንዘብ ጉዳዩን አልዘጋውም። ለስድስት ዓመታት የኩባንያው ዕጣ ከአንድ ሰው የቦርድ አባልነት መብት ጋር ታስሮ ቆየ። ሰውዬው ቢሸነፉ ኖሮ ኩባንያ ከመምራት ሊታገዱ ይችሉ ነበር። ፎረስት በሐምሌ 2011 የሥራ አስፈጻሚነቱን ለኔቭ ፓወር አስረክበው የቦርድ ሰብሳቢ ሆነው ቆዩ። ይህ ርክክብ ለብዙ ተቋማዊ ባለሀብቶች ፎርተስኪው ከአንድ ሰው ኩባንያነት የወጣበት ጊዜ ነው፤ በመስከረም 2012 የብረት ዋጋ ወድቆ ዕዳው ሲያንቀው በ4.5 ቢሊዮን ዶላር አዲስ ብድር ተርፏልና።

አበዳሪና ትልቅ ባለገንዘብ መሥራቹን የሚያዩበት መንገድ ከዚሁ ታሪክ ይታያል። የአሜሪካው ሉኬዲያ በ2006 ለፎርተስኪው 400 ሚሊዮን ዶላር ሲሰጥ አክሲዮን ብቻ አልወሰደም። ከተወሰኑ ማዕድን ማውጫዎች ሽያጭ 4 በመቶውን ለ13 ዓመታት የሚያስገኝለት ሰነድም ጨምሮ ያዘ። ፎርተስኪው ተመሳሳይ ሰነድ ለሌሎች መስጠት እችላለሁ ሲል ክርክር ተነሣ፤ በ2012 ሉኬዲያ 715 ሚሊዮን ዶላር ተከፍሎት ተለያዩ። ልምድ ያለው ባለገንዘብ መሥራቹን አምኖ ገባ፤ እምነቱን ግን በወረቀት አሰረው። ጋዜጣ አንብቦ ጥቂት መቶ አክሲዮን የሚገዛ ግለሰብ ይህን የማድረግ አቅም የለውም፤ ሁለቱ ስለ አንድ ሰው የተለያየ ሐሳብ የሚኖራቸው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ከ2020 በኋላ ደግሞ ክርክሩ መልኩን ለወጠ። ፎረስት የዓለም የነዳጅ ዘመን ማብቃት አለበት ብለው በየመድረኩ መናገር ጀመሩ። ፎርተስኪው ፊውቸር ኢንዱስትሪስ የተባለ ክፍል አቋቁመው ከተጣራ ትርፍ 10 በመቶው ለአረንጓዴ ኃይል እንዲመደብ፣ በ2030 በዓመት 15 ሚሊዮን ቶን አረንጓዴ ሃይድሮጂን እንዲመረት ግብ አስቀመጡ። ለብረት ሲል የገባው ባለአክሲዮን ሳይጠየቅ የሃይድሮጂን ባለድርሻ ሆነ። አንዳንዱ ፈንድ ይህን ለወደፊቱ የተከፈለ ርካሽ ዕድል አድርጎ አየው፤ ሌላው የትርፍ ድርሻውን የሚበላ የአንድ ሰው ምኞት ነው አለ። በሐምሌ 2024 ኩባንያው የ15 ሚሊዮን ቶኑን ግብ ትቶ 700 ያህል የሥራ መደቦችን አጠፈ፤ በ2025 ደግሞ የአሪዞናና የግላድስቶን ፕሮጀክቶቹን ሰረዘ። ሐሳቡን ቶሎ ማቆሙ ሊያስመሰግነው ይችላል። ነገር ግን ግቡ ሲታወጅ ከፎረስት ጋር የተከራከረ የቦርድ ድምፅ ከውጭ አልተሰማም።

ከንግግሩ ይልቅ ለባለሀብቶች ከባድ ምልክት የሆነው የሰዎች መልቀቅ ነው። ፎረስት በ2022 ወደ ሥራ አስፈጻሚ ሰብሳቢነት ተመለሱ። በየካቲት 2023 የተሾሙት ዋና ሥራ አስፈጻሚ ፊዮና ሂክ በነሐሴ ሄዱ፤ ስድስት ወር ማለት ነው። የፋይናንስ ኃላፊዋ ክሪስቲን ሞሪስ ከጥቂት ወራት በላይ አልቆዩም። የአውስትራሊያ ማዕከላዊ ባንክ ምክትል ገዥ የነበሩት ጋይ ደቤልም በዚያው ሰሞን ፎርተስኪውን ለቀቁ። አንድ ሰው ሲሄድ የግል ምክንያት ይኖረዋል። ሦስቱ በሳምንታት ልዩነት ሲሄዱ ግን ከመሥራቹ ጋር መሥራት ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ባለአክሲዮኑ መጠየቁ ተገቢ ነው።

ጠይቆስ ምን ያደርጋል? የፎረስት ቤተሰብ ድርሻ ከአንድ ሦስተኛ በላይ ስለሆነ በተራ ድምፅ መሥራቹን መግታት ከባድ ነው። የአውስትራሊያ ሕግ ግን አንድ መሣሪያ ይሰጣል። የአመራሩ የክፍያ ሪፖርት በተከታታይ ሁለት ዓመት 25 በመቶ ተቃውሞ ከገጠመው ቦርዱ ለድጋሚ ምርጫ ይቅረብ ወይስ አይቅረብ የሚል ድምፅ ይሰጣል፤ በክፍያው ሪፖርት ላይ ደግሞ ዋና ዋና ኃላፊዎች በያዙት አክሲዮን ድምፅ አይሰጡም። ሌሎች ባለአክሲዮኖች ቅሬታቸውን ስለ ደመወዝ በሚመስል ድምፅ የሚገልጹት ለዚህ ነው።

ፍሪድላንድ

ሮበርት ፍሪድላንድ የሚባሉት አሜሪካዊ-ካናዳዊ ከፎረስትም የቆየ ዝና አላቸው። ጋላክቲክ ሪሶርስስ የተባለው ኩባንያቸው በኮሎራዶ ተራሮች ላይ በ1986 የከፈተው የሰሚትቪል ወርቅ ማዕድን ሳያናይድና ብረት የበዛበት አሲዳማ ውኃ ወደ አላሞሳ ወንዝ ለቀቀ። ማዕድኑን የሚሠራው ቅርንጫፍ ኩባንያ በታኅሣሥ 1992 ኪሳራ አወጀ፤ ጽዳቱ በአሜሪካ መንግሥት ላይ ወደቀ፤ ወጪውም ከ150 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሆነ። ፍሪድላንድ ጋላክቲክን ቀድመው ለቅቀው ነበር፤ ከመንግሥት ጋር የነበረባቸው ሙግት ከዓመታት በኋላ በ27 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ክፍያ ተዘጋ። ወንዙን ለእርሻቸው የሚጠቀሙ የሸለቆው ገበሬዎች ግን የዚያ ኩባንያ አክሲዮን አልነበራቸውም። ስለ ኪሳራ ሲነገር እነርሱ መዘንጋታቸው ያሳዝናል።

ይሁንና በ1996 እኚሁ ሰው በካናዳ ላብራዶር የተገኘውን የቮይሲስ ቤይ ኒኬል ለካናዳው ኩባንያ ኢንኮ በ4.3 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር እንዲሸጥ አደረጉ። በ2000 ቢኤችፒ የተወውን የሞንጎሊያን ኦዩ ቶልጎይ ያዙ፤ ቦታው ዛሬ ከዓለም ታላላቅ የመዳብ ክምችቶች አንዱ ነው። ገበያው ሰሚትቪልን ይቅር ያለው በትርፍ ነው።

ሞንጎሊያ ግን የአንደበት ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ አሳየች። ፍሪድላንድ በ2005 በፍሎሪዳ ለባለሀብቶች ሲናገሩ የኦዩ ቶልጎይን አትራፊነት በርካሽ ተሰፍቶ ውድ ከሚሸጥ ካናቴራ ጋር አነጻጸሩት። የተነገረው አዳራሹ ውስጥ ለነበሩት ባለሀብቶች ነበር፤ ቃሉ ግን የሞንጎሊያ ዋና ከተማ ኡላንባታር ደረሰ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽምና በ2006 ሰልፈኞች የፍሪድላንድን ምስል አቃጠሉ። በግንቦት ወር ፓርላማው ከተወሰነ ዋጋ በላይ በሚሸጥ መዳብና ወርቅ ላይ 68 በመቶ ግብር ጣለ። ግብሩን ያመጣው አንድ ንግግር ብቻ አልነበረም፤ የማዕድን ዋጋ እየናረ፣ ሕዝቡም ድርሻዬ የታለ እያለ ነበር። ንግግሩ ግን ለተቃዋሚዎቹ የተዘጋጀ ማስረጃ ሆነላቸው። የኢንቨስትመንት ስምምነቱ የተፈረመው በጥቅምት 2009 ነው። በመጨረሻም ሪዮ ቲንቶ በ2012 ኦዩ ቶልጎይን የያዘውን የፍሪድላንድን ኩባንያ አብላጫ ድርሻ ያዘ፤ ፍሪድላንድም ወጡ።

ሌላው ኩባንያቸው፣ ዛሬ አይቫንሆ ማይንስ የሚባለው፣ በሌላ መንገድ ተዋቀረ። በኮንጎ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ የሚገኘው ካሞዋ-ካኩላ የመዳብ ማዕድን የአንድ ሰው ቤት አይደለም። የቻይናው ዚጂን በ2015 ፕሮጀክቱን ከያዘው ኩባንያ 49.5 በመቶውን በ412 ሚሊዮን ዶላር ገዛ፤ ሲቲክ ሜታል የአይቫንሆ ትልቅ ባለድርሻ ሆነ፤ የዕለት ተዕለት አመራሩን ማርና ክሉቲ ያዙ። ፍሪድላንድ በየጉባኤው ስለ መዳብ እጥረት ይናገራሉ፤ ሌሎች ያመርታሉ። ምርት በግንቦት 2021 ተጀምሮ በ2024 ከ437 ሺህ ቶን በላይ መዳብ ወጣ።

በግንቦት 2025 ካኩላ ከመሬት በታች ተንቀጠቀጠ፤ ሥራው ቆመ፤ የዓመቱ የምርት ትንበያ ተሰረዘ። ለዚህ ዳሰሳ ዋናው ነገር ቀጥሎ የመጣው ነው። ዚጂን በራሱ የአክሲዮን ገበያ ስለ ጉዳቱ ያወጣው መግለጫና የአይቫንሆ መግለጫ አልተጣጣሙም፤ አይቫንሆ የሸሪኩን አገላለጽ በይፋ ተቃወመ። አክሲዮኑም ወደቀ። ባለአክሲዮኖች ለጊዜው ደነገጡ፤ ነገር ግን ከአንድ ማዕድን ጉድጓድ ሁለት ድምፅ መስማታቸው ከአንድ ድምፅ ይሻላቸው ነበር። ሸሪክ ባይኖር ስለ ጉዳቱ የሚታወቀው መሥራቹ የመሠረቱት ኩባንያ የተናገረው ብቻ በሆነ።

እምነት ብቻ ሲቀር

ጉዳቱ የሚከፋው ባለአክሲዮኑ ከመሥራቹ ቃል ሌላ የሚይዘው ሲያጣ ነው። የካናዳው ብሬ-ኤክስ በዴቪድ ዋልሽ የተመሠረተ ኩባንያ ነበር። በቦርኒዮ ደሴት ቡሳንግ በተባለ ቦታ እስከ 70 ሚሊዮን አውንስ የሚደርስ ወርቅ አለኝ ብሎ ዋጋው ወደ 6 ቢሊዮን የካናዳ ዶላር ወጣ። በግንቦት 1997 ነፃ ባለሙያዎች ናሙናው ላይ ወርቅ ከውጭ እንደተጨመረበት አረጋገጡ፤ አክሲዮኑም ባዶ ሆነ። ካናዳ በ2001 ያወጣችው ናሽናል ኢንስትሩመንት 43-101 የተባለ ደንብ የዚህ ቁስል ልጅ ነው። በዚህ ደንብ ስለ ክምችት የሚወጣ ቴክኒካዊ መረጃ በስሙ ኃላፊነት የሚወስድ ብቁ ባለሙያ ያስፈልገዋል። በአውስትራሊያ ከ1989 ጀምሮ የሚሠራው የጆርክ ኮድም ተመሳሳይ ዓላማ አለው። ሁለቱም እምነትን ከመሥራቹ አፍ ወደ ባለሙያው ፊርማ ያሸጋግራሉ።

ደንቡ ግን የሚመልሰው ስለ ድንጋዩ ብቻ ነው፤ ስለ ገንዘቡ አይመልስም። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ በዊትቢ አቅራቢያ የማዳበሪያ ማዕድን ለማውጣት የተነሣው ሲሪየስ ሚነራልስ ለዚህ ምሳሌ ነው። ክምችቱ እውነተኛ ነበር፤ ሥራ አስፈጻሚው ክሪስ ፍሬዘርም ለዓመታት የፕሮጀክቱ ፊትና ድምፅ ነበሩ። ወደ 85 ሺህ የሚሆኑ ትንንሽ ባለአክሲዮኖች ገቡ፤ ብዙዎቹ ሥራው ለሰፈራቸው እንጀራ ያመጣል ብለው የጡረታ ቁጠባቸውን ያዋሉ የዚያው አካባቢ ሰዎች ናቸው። በመስከረም 2019 የ500 ሚሊዮን ዶላር ቦንድ ሽያጩ ከሸፈ። በቀጣዩ ዓመት አንግሎ አሜሪካን የተባለው ትልቅ የማዕድን ድርጅት ኩባንያውን በ405 ሚሊዮን ፓውንድ፣ በአክሲዮን 5.5 ፔንስ፣ ገዛው። ከዚያ በብዙ እጥፍ ዋጋ የገዙ ጎረቤቶች ቁጠባቸው አለቀ። ጉድጓዱ ግን አልተዘጋም፤ ገዢው ቀጠለበት። በዚህ ታሪክ ውስጥ መዋሸት የለም። የነበረው ተስፋን ሲናገሩ የገንዘቡን ሰንሰለት ደካማ ቀለበት በተመሳሳይ ድምፅ አለመናገር ነው፤ ለተራ ቆጣቢ ውጤቱ ከውሸት ብዙም አይለይም።

ፈንዶች ምን ይመለከታሉ

ጥናቶቹ ራሳቸው ወደ አንድ አቅጣጫ አይጠቁሙም። ሩዲገር ፋለንብራህ በ2009 ያሳተሙት ጥናት ከ1993 እስከ 2002 መሥራቾቻቸው የሚመሯቸውን ትልልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች አክሲዮን የያዘ ሰው ከገበያው መለኪያ በዓመት 8.3 በመቶ ብልጫ ያገኝ እንደነበር አሳየ፤ ሌሎች ምክንያቶች ሲቀነሱ ብልጫው 4.4 በመቶ ይሆናል። በሌላ በኩል በ1985 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ሥራ አስፈጻሚዎች ድንገት ሲሞቱ የአክሲዮን ዋጋ የሚሆነውን ተመልክቶ፣ ሟቹ መሥራች ሲሆን ዋጋው በአማካይ እንደሚጨምር አገኘ። ሁለቱ ውጤቶች አይጋጩም። መሥራቹ ኩባንያውን በደንብ ይመራል፤ አንዳንዱ ግን ጊዜው ካለፈ በኋላም ወንበሩን አይለቅም።

ሚነራል ሪሶርስስ የተባለው የምዕራብ አውስትራሊያ ኩባንያ ይህን በቅርቡ አሳይቷል። መሥራቹ ክሪስ ኤሊሰን በነሐሴ 2024 ሠራተኞቻቸው ቀኑን ሙሉ ከቢሮ ሳይወጡ እንዲውሉ፣ ለቡናም እንዳይወጡ እንደሚፈልጉ በግልጽ ተናግረው ብዙ ሰው አነጋገሩ። ያኔ ባለአክሲዮኑ እንደ ጠባይ አለፈው። በጥቅምት ወር ከግብር ጋር የተያያዘ የቆየ የግል ጉዳያቸው በጋዜጣ ሲወጣ ግን አክሲዮኑ ወደቀ፤ ቦርዱም በኅዳር ኤሊሰን ከ12 እስከ 18 ወራት ውስጥ ከኃላፊነታቸው እንደሚለቁ አስታወቀ። ይህን ለማረም ከተቋቋመው የሥነ ምግባርና የአስተዳደር ኮሚቴ ውስጥ የነበሩ ሦስት የቦርድ አባላት በሚያዝያ 2025 ለቀቁ። የፈንድ አስተዳዳሪዎች ከመሥራቹ ንግግር ይልቅ ይህን መልቀቅ አጥብቀው ተመለከቱ። ልክም ነበሩ።

ማርክ ብሪስቶው ደግሞ በ1995 ራንድጎልድ ሪሶርስስን መሥርተው በማሊ ወርቅ ያወጡ፣ አፍሪካን በሞተር ብስክሌት ያቋረጡ፣ ከመንግሥታት ጋር ሳይሸማቀቁ የሚከራከሩ ሰው ናቸው። ራንድጎልድ በጥር 2019 ከወርቅ አምራቹ ባሪክ ጋር ተዋህዶ ብሪስቶው መሪው ሲሆኑ ባለአክሲዮኖች የፈለጉት ይህንኑ ድፍረት ነበር። ማሊ አዲስ የማዕድን ሕግ ካወጣች በኋላ ግን ክርክሩ መረረ። በኅዳር 2024 የኩባንያው ሠራተኞች ታሰሩ፤ በታኅሣሥ በብሪስቶው ላይ የእስር ማዘዣ ወጣ፤ በጥር 2025 መንግሥት 3 ቶን ገደማ ወርቅ ወሰደና ማዕድን ማውጫው ቆመ። ብሪስቶው በመስከረም መጨረሻ በድንገት ለቀቁ፤ ከማሊ ጋር የተደረሰው ስምምነት በኅዳር መጣ። ስምምነቱ በእርሳቸው መሄድ ብቻ መጣ ማለት አይቻልም። ነገር ግን የእስር ማዘዣ በስሙ የወጣበት ሰው ከዚያው መንግሥት ጋር ተደራዳሪ ሆኖ መቀጠል እንደሚቸግረው ግልጽ ነው። የቁልፍ ሰው ስጋት ብዙ ጊዜ ሰውዬው ቢሄድስ ተብሎ ይታሰባል፤ እዚህ ግን ጥያቄው ሰውዬው ቢቆይስ የሚል ነበር።

ኢትዮጵያ

ጥያቄው ለኢትዮጵያ አንባቢ ሩቅ አይደለም። የለገደምቢ ወርቅ ማዕድን ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በሼክ መሐመድ ሁሴን አል አሙዲ ሚድሮክ ሥር ነው። ባለቤቱ በኅዳር 2017 በሪያድ ሲታሰሩ፣ እስከ ጥር 2019ም ሳይፈቱ ሲቆዩ፣ በድርጅቶቻቸው የሚሠሩ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ስጋት ላይ ወደቁ። ሚድሮክ የግል ስለሆነ ስጋቱ በአክሲዮን ዋጋ የሚነበብበት ሰሌዳ አልነበረም፤ ሠራተኛው በየቤቱ ተሸከመው።

በለንደን ገበያ የሚሸጠው ኬፊ በምዕራብ ወለጋ የቱሉ ካፒን ወርቅ ለማልማት በ2015 የማምረት ፈቃድ ወስዷል። ከመነሻው አብረውት ያሉት ሥራ አስፈጻሚ ሰብሳቢው ሃሪ አናግኖስታራስ-አዳምስ ለባለአክሲዮኑ የፕሮጀክቱ ድምፅ ናቸው። የገንዘብ ማፈላለጉ መራዘምና የአካባቢው ጸጥታ ሥራውን ለዓመታት ሲያዘገዩት ኩባንያው ደጋግሞ አዲስ አክሲዮን እየሸጠ ቆየ። እዚህ ላይ የባለአክሲዮኖች ሐሳብ ሁለት ነው፤ አንዱ ፕሮጀክቱ በዚያ ሁሉ ችግር ውስጥ ሕያው ሆኖ የቆየው በእርሳቸው ጽናት ነው ይላል፤ ሌላው ደግሞ ድርሻዬ ሳስቶ ያለቀው በተስፋ ቃል ነው ይላል። ሁለቱም የሚናገሩት ስለ አንድ ሐቅ ነው።

የኢትዮጵያ የሰነደ ሙዓለ ንዋዮች ገበያ በጥር 2025 በወጋገን ባንክ አክሲዮን ሥራ ጀምሯል። የማዕድን ኩባንያ የአክሲዮን መሸጫ ሰነድ የሚቀርብለት ቆጣቢ ከመሥራቹ ንግግር በፊት ሦስት ነገር ይፈልግ፦ ክምችቱን በስሙ የፈረመው ባለሙያ ማን እንደሆነ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት ከቦርዱና ከፋይናንስ ክፍሉ እነማን እንደለቀቁ፣ አበዳሪዎቹ ያስቀመጡት ቅድመ ሁኔታ ምን እንደሆነ። ሦስቱም በሰነዱ ውስጥ ካልተገኙ ገንዘቡን ኪሱ ያቆየው።